የጀበናው እንፋሎት

ከቤቴ ቁልፎች መካከል አንዷ የምትከፍተው ነገር የላትም። ትንሽ ናት፣ የሻንጣ ቁልፍ ብታክል ነው። ልጆቼ «ይቺ ደግሞ የምን ናት?» ሲሉኝ «የፖስታ» እላቸዋለሁ፤ አይገባቸውም። ሰሞኑን ከመንፉሃ ተሳፍሬ በአዲሱ ሜትሮ፣ በሰማያዊው መስመር ወደ ሰሜን ስሄድ ባቡሩ በጥሃ ጣቢያ ላይ ቆመ። በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገብቶ ያቺን ቁልፍ ሲዳብስ አገኘሁት። ከባቡሩ በላይ ያለው መንገድ በየቀኑ ከዙሁር ሶላት በፊት ፖስታ ቤት ልድረስ ብዬ ስሮጥበት የኖርኩት ነው።

ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ሊያስፈልግ ነው። በዚያ ዘመን ሪያድ ውስጥ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። አድራሻ የሚባለው ሰንዱቅ በሪድ፣ ማለትም የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። አገር ቤት በፖ.ሣ.ቁ. ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆነብን ሣጥኑ የካፊላችን፣ የአሠሪያችን መሆኑ ነው። የእናትህ ደብዳቤ በአሠሪህ ሣጥን ይመጣል፤ ሲመቸው ያመጣልሃል፣ ሲረሳው መኪናው ውስጥ መስተዋቱ ሥር ፀሐይ ሲቀቅለው ይከርማል። የአንድ ጓደኛችን የሠርግ ጥሪ ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው የደረሰው።

እኔ ዕድለኛ ነበርኩ። በ1984 ዓ.ም. ከደሴ መጥቼ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥ ሱቅ ሙራሲል ሆኜ ተቀጠርኩ። ሙራሲል ተላላኪ ማለት ነው፤ ሻይ ያመጣል፣ ባንክ ይሰለፋል፣ የፖስታ ሣጥኑን ይከፍታል። ቁልፉ እኔ እጅ ገባ ማለት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ያ ሣጥን ሳይታወቅ የግማሹ የሰፈራችን ሐበሻ አድራሻ ሆኖ አረፈው። ባለሱቁ ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ አላወቀም ብዬ ማሰብ ይቸግረኛል። አንድ ቀን ከጣሊያን የመጣ የፍሬን ሸራ ካታሎግ ከሥሩ ከአሥር የማያንሱ የደሴ፣ የጎንደርና የአስመራ ፖስታዎች ይዞ ጠረጴዛው ላይ ቢወድቅበት፣ የእሱን አነሣና የእኛን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ቴምብር መሰብሰብ የጀመርኩት እንዲሁ ነው፤ ከመጣል። ሱቁ ከጃፓን፣ ከጀርመን፣ ከሊባኖስ፣ ከህንድ ይጻጻፋል፤ ባዶው ፖስታ ቅርጫት ይገባል፣ ከቅርጫቱ ወደ እኔ ኪስ። አሮጌ ፋይል ሲጸዳ ደግሞ የሱዑዲ የድሮ ቴምብሮች ይገኙ ነበር፦ የካዕባው፣ የኸፍጂው የነዳጅ ማማ፣ የዋዲ ሐኒፋው ግድብ። በግድቡ ቴምብር ላይ የንጉሡ ስም እንደ ማኅተም ተጠላልፎ በክፈፍ ውስጥ ተጽፏል፤ መልካቸው የለም። የጃንሆይን ፊት በየቴምብሩ እያየ ላደገ ሰው ይህ ራሱ አንድ ወግ ነው።

ሥራውን በወጉ ያስተማሩኝ ግን አያ ናቸው። በመንፉሃ በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍላችን ግድግዳ ይጋራ ነበር። የምጽዋ ሰው ናቸው፤ በጃንሆይ ዘመን በወደቡ ጽሕፈት ሠርተዋል፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንቡክ ጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ጅዳ፣ ከጅዳ ሪያድ። ስማቸውን አልጠራም ነበር፤ «አያ» ነው የምላቸው፤ በእነሱ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ በእኛም ወሎ ገጠር ታላቅ የሚጠራው እንዲሁ ነው። ቃሉ የማን እንደሆነ አንድ ጊዜ ተከራክረን ሳንስማማ ቀርተናል።

ቴምብር ከፖስታ የሚነሣው ለብ ባለ ውኃ ነው። ወረቀቱን ቆርጠህ ትነክራለህ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትታገሣለህ፣ ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ፊቱን ደፍተህ ጋዜጣ ላይ ታሰጣዋለህ። ይህ ደሴ ላይ ይሠራል። ሪያድ ላይ ግን አየሩ ራሱ ምጣድ ነው፤ በሐምሌ ያሰጣኸው ቴምብር ዞር ብለህ እስክትመለስ እንደ ድርቆሽ ተጠቅልሎ ይጠብቅሃል፤ ልዘርጋህ ስትለው ይሰበራል። ውኃ ጭራሽ የማይወዱም አሉ፤ ቀለማቸው ይለቃል። አያ ለነዚህኞቹ የሚጠቀሙት ጀበናቸውን ነበር። ጀበናቸው እንደ እኛዋ በጎን ማፍሰሻ የላትም፣ አፏ አንድ ነው፤ ስለዚህ እንፋሎቷ ተሰብስቦ በቀጭኑ ይወጣል። ፖስታውን በሁለት ጣት ይዘው ጀርባውን ለእንፋሎቱ ይሰጡታል፤ ሲለሰልስ በጥፍራቸው ጫፍ ከአንድ ማዕዘን ይጀምራሉ። «ጥርሱን ጠብቅ» ይላሉ ሁልጊዜ። በቴምብር ዙሪያ ያለው የተበሳ ጠርዝ ጥርስ ነው የሚባለው፤ አንድ የጎደለበት ቴምብር ዋጋው ይወርዳል። በዚያ ክፍል ውስጥ የቡናና የሙጫ ሽታ እንደተቀላቀለ ነው የኖረው።

ያኔ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ በእግራችን ወደ ዲራ፣ ወደ ሱቅ አዝ-ዘል እንሄዳለን። ከመስመክ ምሽግ አጠገብ ያለ የምንጣፍ፣ የቢሽትና የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ ሐራጅ ይጮህበታል። አንድ ጺማቸው የነጣ ሻጭ ከመስተዋት በታች ጥቂት ቴምብሮች ነበሯቸው፤ መግዛት እንደማንችል ያውቃሉ፣ ግን ማሳየት ይወዳሉ። አንዱ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣ የነጅድ ቴምብር ነው። ነጅድ የራሷ ሥዕል ገና አልነበራትም፤ የቱርክንና የሒጃዝን ቴምብር ወስዳ በላዩ ላይ «የነጅድ ሱልጣኔት ፖስታ» ብላ አተመችበት። የሒጃዝ ራሷ ታሪክም ቅርብ ነው፤ በ1916 ሸሪፍ ሑሴን በቱርክ ላይ ሲነሡ ከመጀመሪያ ካሠሯቸው ነገሮች አንዱ ቴምብር ነበር። ካይሮ ታተመ፤ የእንግሊዙ ሎውረንስ እጁ አለበት፤ የሰው መልክ እንዳይኖርበት ከመስጊድ ጌጥ ሐረጉን ቀዱለት። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ንጉሡ ሄዱ፣ ቴምብራቸው ግን በጌታው ስም ላይ የሌላ ጌታ ስም ተደርቦበት ደብዳቤ ማድረሱን ቀጠለ።

እኔ በዚያ ጊዜ ጉራ አላጣሁም። «የእኛ ምኒልክ በ1894 ነው ያሳተሙት፣ ፓሪስ!» አልኩ። ሰባት ዓይነት፣ በአራቱ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው። አያ ሳቁና ጉራዬን አስተነፈሱት፦ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የምኒልክን ቴምብር ቢለጥፍም ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹን ካልደረበ ባሕር አይሻገርም ነበር። «አንበሳው እስከ ወደቡ ድረስ ነው» አሉኝ። የምጽዋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ፊቱን ማየት ነው።

እዚያው ሻጭ ዘንድ ያየነው ሌላ ቴምብር ደግሞ በሒሳብ አጣላን። በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ሪያድን የያዙበት 50ኛ ዓመት መታሰቢያ። መስመክን የያዙት በጥር 1902 ነው፤ በዚያ ውጊያ የተወረወረ ጦር ጫፍ እስካሁን በበሩ ላይ ተሰክቶ ይታያል። ታዲያ ከ1902 እስከ 1950 እንዴት 50 ይሆናል? ሻጩ ጣታቸውን ወደ ጨረቃ ቀሰሩ። በሒጅራ ከ1319 እስከ 1369 ነው፤ በፀሐይ ግን 48 ዓመት ተኩል። እኛም ብንሆን በሌላው ዓለም ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ተበድረን የምንኖር ሰዎች ነንና አፋችንን ዘጋን።

የአያ ውድ ሀብት ቴምብር ሳይሆን ከእህታቸው የሚመጡት ፖስታዎች ነበሩ። አስመራ ናት። ፖስታዎቹን በዓመታቸው ደርድረው በላስቲክ አስረዋል፤ ጽሕፈቱ አንድ እጅ ነው፣ ጥግ ላይ ያለው ግን ይለዋወጣል። በደርግ ጊዜ የኢትዮጵያ ቴምብር፣ ላዩ ላይ በአማርኛ «አሥመራ» የሚል ክብ ማኅተም። ከዚያ የሚያስጨንቅ ክፍተት አለ። ከዚያ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከተማዋ በሻዕቢያ እጅ ከገባች በኋላ በሰው እጅ የመጡ፣ ቴምብር የሌላቸው ፖስታዎች። ጥጋቸው ባዶ ነው። አያ ያንን ባዶ ጥግ አንድ ጊዜ በአውራ ጣታቸው እየደባበሱ «ይሄ ቦታ ሰው ይጠብቃል» አሉኝ።

በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ከ15 እስከ 17 የኤርትራ የነፃነት ሪፈረንደም ሆነ። በውጭ ያሉትም ባሉበት ድምፅ ሰጡ፤ ሱዑዲ ያሉትም እንዲሁ። አያ በማለዳ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ሽቶ ተቀብተው ወጡ፤ ከሰዓት ሲመለሱ እኔ ከሥራ ገብቼ በሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ምንም አልጠየቅኩም። «ሰጠሁ» አሉኝ። «እንኳን ደስ አለዎት» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አጎቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጅ ሆኜ ባሕር ማለት እሱ ከአሰብ ይዞልኝ የሚመጣው ቀንድ አውጣ ነው፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማዳምጠው።

«ከፍቶሃል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«እኔ ደግሞ ደስ ብሎኛል። እንዳልዋሽህ ብዬ ነው።» ትንሽ ቆዩና «ና፣ ቡና እናፍላ» አሉ።

ውጤቱ 99.8 ከመቶ ሆነ፤ ግንቦት 16 ነፃነቱ ታወጀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሣጥኑን ስከፍት ያቺ የማውቃት የእጅ ጽሕፈት ነበረች፣ ጥጓ ላይ አዲስ ቴምብር። እዚያው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ አየሁት። ሰንደቅና ካርታ ነው። ካርታው የማውቀው ካርታ የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ተቆርጦ ብቻውን ሲታይ ግን የሆነ የማላውቀው እንስሳ ይመስላል። «ኤርትራ» የሚለው በእኛው ፊደል ነው፤ የእኛው ስል የእነሱም ነው። ዋጋው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ብር ነበር። አዲሲቷ አገር የራሷ ገንዘብ ገና ስላልነበራት ቴምብሯን የተመነችው በኢትዮጵያ ብርና ሳንቲም ነው።

አያ መነጽራቸውን አውልቀው አስጠግተው አዩት፤ መልሰው አጥልቀው አራቁት። ከዚያ ፖስታውን ሳይከፍቱት እንደተቀመጡ ቀሩ። የሚገርመው ጀበናዋ እየተንተከተከች ነበር፣ ቴምብሩን ግን አላነሡትም። «ይሄኛው ካለበት አይነሣም» አሉ። እኔ ዝምታው ሲከብደኝ «ብራችንን ግን መልሱልን» አልኳቸው። «ትንሽ ታገሡን፣ እንመልሳለን» ብለው ሳቁ። መለሱት፤ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የራሳቸው ገንዘብ፣ ናቅፋ ወጣ። ከዚያ የንግድ ጭቅጭቁ፣ ከዚያ በዚያው ዓመት ግንቦት የባድመ ጦርነት። ያንን ቀልድ ካስታወስኩት ቁጥር ይቀፈኛል።

የጦርነቱ ዓመታት ላይ ሣጥኑ ሌላ ሥራ አገኘ። በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል ስልኩም ፖስታውም ተቋረጠ። አያ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገችና እዚያው ያገባች የእህት ልጅ አላቸው፤ እናቲቱ አስመራ። እናት ለልጇ የጻፈችው ደብዳቤ ሪያድ፣ በመለዋወጫ ሱቁ ሣጥን ይመጣል። እኔ እከፍተዋለሁ፣ ወረቀቱን ሳላነብ አውጥቼ አዲስ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ፣ በአማርኛ አድራሻ እጽፋለሁ፣ የሱዑዲ ቴምብር እለጥፋለሁ፣ ሪኮማንዴ አድርጌ እልካለሁ። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ነገሩ ሲሰማ የሌሎችም መጣ። በወር አንድ ሁለት የነበረው በአንድ ወቅት በሳምንት ወደ አሥር ደርሷል። ደብዳቤዎቹን አላነብም አልኩ እንጂ ፎቶ ሲወድቅ ዓይን አይጨፈንም፤ ልደት፣ ኒካህ፣ አንድ ጊዜ መቃብር አጠገብ የቆሙ ሰዎች።

በ1991 ዓ.ም. ጥር ሪያድ በመብራት አሸበረቀች። የከተማዋ መያዝ 100ኛ ዓመት፣ እንደገና በጨረቃው ሒሳብ፤ በሙረበዕ ብሔራዊ ሙዚየሙ ተመረቀ፣ የመታሰቢያ ቴምብርም ወጣ። ፖስታ ቤቱ ያኔ የሚሸጠው እሱን ነበርና ለወራት ያህል ከአስመራ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አስመራ ያለፈው ደብዳቤ ሁሉ የአብዱልአዚዝ ዘመቻ መቶኛ ዓመት እየተለጠፈበት ሄደ። በየካቲት ባድመ ላይ ውጊያው ዳግም ተነሣ። አያና እኔ በዚያ ወር ከሰላምታ በቀር ብዙ አልተነጋገርንም። ፖስታዎቹን ግን ማታ ማታ አብረን እንለጥፍ ነበር፤ እሳቸው ያርሳሉ፣ እኔ እለጥፋለሁ።

በአልጀርስ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አያ ጠቅልለው ሊገቡ ተነሡ። የመጨረሻዋ ማታ ላይ ደብተሬን አምጣ አሉኝ። የአባቴ ደብተር ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ቴምብር ሰብሳቢ አልነበረም፣ ግን ያማረውን በሙጫ ደብተር ላይ ይለጥፋል፣ ሰብሳቢ ቢያየው የሚያለቅስበት አሠራር ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ በ1945 ዓ.ም. የወጣው አለ፤ በጎርጎርዮሳውያኑ 1952። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን መታሰቢያ ነው። በዚያ ተከታታይ ውስጥ የተበጠሰ ሰንሰለት ያለበት አለ፤ የአባቴኛው ግን ወደ ባሕር የተከፈተውን መንገድ የሚያሳየው ነው።

ያንን ገጽ አያ ለዓመታት አይተውት አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም። ስለ ፌዴሬሽኑ እንዴት እንደ ተጀመረና በ1955 ዓ.ም. እንዴት እንደ ፈረሰ ብንጀምር እንደማንጨርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ማታ ግን «ይቺን ስጠኝ» አሉኝ።

«እርስዎ? ይቺን?»

«አባቴ ምጽዋ ላይ ተሸካሚ ነበር። በዚህ መንገድ የወጣው ጭነት በእሱ ጀርባ ነው ከመርከብ የወረደው። የእናንተ ብቻ መሰለችህ?»

ጀበናዋን ጣዱ። ገጹን ከደብተሩ ሳንገነጥል እንፋሎቱ ላይ ያዝነው፤ የአባቴ ሙጫ ግን የዋዛ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ውኃ ጨመርንበት። ጥፍራቸው ማዕዘኑን ሲያገኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስልሳ ዓመታቸው ነው። ለቀቀች፣ ለቀቀች፣ መጨረሻ ላይ ቀኝ ግርጌ አንድ ጥርስ ቀርታ መጣች። ሕይወታቸውን ሙሉ «ጥርሱን ጠብቅ» ያሉ ሰው! ተያየንና ሳቅን። ከዚያ ከሻንጣቸው በላስቲክ የታሰሩትን ፖስታዎች አወጡ፣ አንዱን መዘው ሰጡኝ። ያ ሰንደቅና ካርታ ያለበት፣ በብር የተተመነው ነው። ቴምብሩ አሁንም ከፖስታው አልተነሣም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ካርድ ስልክ ረከሰ፣ ሞባይል መጣ፣ ሣጥኑ በሳምንት አንዴ፣ በኋላ በወር አንዴ ይከፈታል፤ ከማስታወቂያ በቀር የሚገኝበት ነገር የለም። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር የስደተኞች አፈሳው መጥቶ በመንፉሃ የሆነው ሆነ፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገን ከሱዑዲ ወደ አገር ቤት ሲመለስ የእኛም ግቢ ተራገፈ። ሱቁ ተዘጋ። ቁልፉን መልስ ያለኝ የለም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ስልክ የተከፈተ ዕለት አዲስ አበባ ያለችው የእህታቸው ልጅ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ የማውቀው የእጅ ጽሕፈቷን ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ እናቴን በቀጥታ አገኘኋት» አለችኝና አለቀሰች። የሁለቱ አገሮች መሪዎች እዚሁ ሱዑዲ፣ ጅዳ ላይ በቀጣዩ መስከረም የሰላም ስምምነት ሲፈርሙ ደግሞ አያ ራሳቸው ከምጽዋ ደወሉ። መስመሩ ይቆራረጣል። ስለ ፊርማው አንድም ነገር አላሉም። የልጅ ልጃቸው አልበማቸውን እያገላበጠ ስለ አንዲት ቴምብር እንደ ጠየቃቸው ነገሩኝ፦ «ይቺ ጥርሷ የት ሄደ?» አላቸው።

ስልኩን በትከሻዬ አጣብቄ ደብተሩን ከቁም ሣጥኑ አወረድኩት። ሁለተኛው ገጽ በእንፋሎቱ ተኮማትሮ እንደ ደረቀ ነው፤ ቴምብሯ የነበረችበት አራት ማዕዘን ከሌላው ወረቀት ነጣ ብሎ ይታያል። ቀኝ ግርጌ ላይ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ስንጣሪ ወረቀት በአባቴ ሙጫ ተጣብቃለች።

«እዚህ ናት፣ አያ» አልኳቸው። «ልላክልዎት?»

«ተዋት» አሉኝ። «እንዳትነካት፤ ትሰበራለች።»